ፎቶው የገለጉ፣ ገበያው የማን?

«በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ኢንተርኔት ላይ ጫን፤ አንተ ተኝተህ ዶላሩ ይገባልሃል።» እንዲህ ያለው ስብከት ከቲክቶክና ከቴሌግራም ጠፍቶ አያውቅም። ሰባኪዎቹ የሚሸጡት ፎቶ ሳይሆን ኮርስ ነው። ኮርሱን የሚገዛው ደግሞ ሥራ ያጣ ተመራቂ፣ ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር፣ በትርፍ ሰዓቱ ሠርግና ምርቃት የሚያነሳ ወጣት ነው። ስብከቱ አዲስ አበባ ላይ ሲሰማ ግማሽ እውነት ሊመስል ይችላል። ገለጉ ላይ ሲሰማ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ያየ የለም።

ይህ የሆነው የገለጉ ልጅ ዓይን ስለሌለው አይደለም። የሚነሳ ነገር ስላጣም አይደለም። ሦስት በሮች ስለተዘጉበት ነው። አንዱን የዘጋው የዓለም ገበያ ነው። ሁለተኛውን የዘጋው የኔትወርክና የባንክ ሥርዓታችን ነው። ሦስተኛውንና ከሁሉም የሚያሳፍረውን የዘጋነው ግን ራሳችን ነን። ስለ ሦስተኛው በር ማንም አይናገርም፤ ምክንያቱም ቁልፉ በብዙ የተከበሩ ሰዎች ኪስ ውስጥ ነው።

1. የሚነሳ ነገር አለ፤ አንሺው ግን ሁልጊዜ ሌላ ነው

ገለጉ የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ምዕራብ ጎንደር፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ። ካሳ ኃይሉ ከቋራ በረሃ ተነስቶ አፄ ቴዎድሮስ የሆነበት ምድር ነው። ወደ ሰሜን ሲሄዱ መተማ ዮሐንስ አለች፤ በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁባት። ከተማዋ ስማቸውን እስከ ዛሬ ይዛለች። በዚህ ቆላ ሰሊጥና ጥጥ ይመረታል። የዕጣን ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ በበጋ ተልጦ ነጩ ሙጫ ሲወርድ ያየ ሰው አይረሳውም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጉ፣ በሺዎች ሆኖ የሰሊጡን ማሳ ይሞላዋል። አማራው፣ ጉሙዙ፣ አገውና ቅማንቱ በአንድ ገበያ ይገናኛል።

ከዚያ ደግሞ አልጣሽ አለ። አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ፣ ስፋቱ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን ምድረ በዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. የዓለም መገናኛ ብዙኃን ስለ አልጣሽ በአንድ ሰሞን ተቀባበሉ። ምክንያቱም ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ጥናት ክፍል ጋር የሚሠሩት ሃንስ ባወር የመሩት ቡድን በፓርኩ ውስጥ አንበሳ መኖሩን በፎቶ አረጋገጠ። ፎቶውን ያነሳው ዛፍ ላይ ታስሮ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ነው። ተመራማሪዎቹ በአልጣሽና በዲንደር በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል ገመቱ። ዓለም «አዲስ የተገኙ አንበሶች» ብሎ ጻፈ። የቋራ ሰው ግን ሳቀ፤ አንበሳው ከብቱን ሲበላበት ስንት ዘመኑ!

ተመራማሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ጥያቄው ሌላ ነው። የቋራ ሰው ለዘመናት የሚያውቀውን አንበሳ ዓለም እንዲያምን የግድ የውጭ ሰው ካሜራ ማስፈለጉ ምን ያሳያል? የሚያሳየው የአካባቢው ሰው የሚያውቀው ነገር ወደ ምስል ተለውጦ ከአካባቢው የሚወጣበት መንገድ አለመኖሩን ነው። ያየ ብዙ ነው። ያየውን አንስቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ዋጋ ጠርቶ የሸጠ ግን የለም።

ታሪካችንም ይህንኑ ይደግማል። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል ኢትዮጵያን በዓለም ዓይን ለአርባ ዓመት አሰራት። ምስሉ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን አገሪቱ ለዚያ ምስል መልስ የሚሆን፣ የራሷ ልጆች ያነሱት፣ ገበያ ላይ የሚገኝ የምስል ክምችት እስከ ዛሬ አልሠራችም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመርና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ሲገባ ካሜራዎቹ እንደገና መጡ። መተማ በዓለም የምስል ገበያ ላይ የታወቀችው በሰሊጧ አይደለም፤ በሻንጣና በድንኳን ነው።

2. የአስር ሳንቲም ገበያ

አሁን ወደ መጀመሪያው በር እንምጣ። ስቶክ ፎቶ የሚባለው ንግድ ቀላል ነው። ፎቶ አንሺው ሥራውን በድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ጋዜጣው፣ ማስታወቂያ ሠሪው፣ መጽሐፍ አሳታሚው ፈልጎ ያወርዳል። ድረ ገጹ ከገዢው ገንዘብ ይቀበልና ለአንሺው ድርሻውን ይከፍላል። አንድ ፎቶ አንዴ ተነስቶ ሺህ ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። የስብከቱ መሠረት ይህ ነው፤ እስከዚህ ድረስም ውሸት የለበትም።

ውሸቱ የሚጀምረው ድርሻው ሲቆጠር ነው። አይስቶክ በ2000 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ሲመሠረት አማተሮች ፎቶ የሚለዋወጡበት ነጻ ቦታ ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ጌቲ ኢሜጅስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዛሬ በአይስቶክ ብቻ ለመሸጥ ያልፈረመ አንሺ ከፎቶ ሽያጭ የሚደርሰው 15 በመቶ ነው። ሹተርስቶክ ደግሞ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ማብቂያ የክፍያ ሥርዓቱን ቀየረ። ድርሻው ከ15 እስከ 40 በመቶ ሆነ። ደረጃው በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር 1 ቀን ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ለአንድ ፎቶ የሚከፈለው ዝቅተኛ ገንዘብም 10 የአሜሪካ ሳንቲም ሆነ። የተሻለ የሚባለው አዶቤ ስቶክ 33 በመቶ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሒሳቡ 25 ዶላር ካልሞላ አይከፍልም።

እስኪ ይሰላ። ለአንድ ፎቶ 10 ሳንቲም ከታሰበ 25 ዶላር ለመድረስ 250 ጊዜ መሸጥ ያስፈልጋል። 250 ጊዜ እንዲሸጥ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ መጫን፣ ለእያንዳንዱ ርዕስ መጻፍ፣ በደርዘን የሚቆጠር የእንግሊዝኛ መፈለጊያ ቃል መደርደር ያስፈልጋል። 10 ሳንቲም በብር ሲመነዘር አንድ ሲኒ የጀበና ቡና በቅጡ አያስጠጣም። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከመቶ በላይ መሆኑ የፎቶውን ዋጋ በወረቀት ላይ አሳበጠው እንጂ የካሜራውንና የሌንሱን ዋጋም አብሮ ሰቅሎታል።

በዚህ ላይ ግብር አለ። አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። ስለዚህ ከአሜሪካ ገዢ በሚገኘው ድርሻ ላይ 30 በመቶ ገና ከምንጩ ይቆረጣል። ኮርስ ሻጩ ይህን አይናገርም። የተናገረ ዕለት ኮርሱን የሚገዛው የለምና።

ጉዱ እዚህ አያበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ምስል የሚፈጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ገበያውን ገብተውበታል። አዶቤ ፋየርፍላይ የተባለውን መሣሪያ ያሠለጠነው በራሱ ስቶክ ላይ በተጫኑ ፎቶዎች ነው። ሹተርስቶክ ክምችቱን ለማሠልጠኛ እንዲጠቀምበት ከኦፕንኤአይ ጋር ተዋውሏል። አንሺዎቹ ከዚህ የተወሰነ ክፍያ ይደርሳቸዋል። ነገር ግን የገዛ ፎቶአቸው የሚተካቸውን ማሽን አስተምሯል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጌቲና ሹተርስቶክ ለመዋሃድ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ የሁለቱ ጥምር ዋጋ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚሆንም ተነገረ። ሁለት ትላልቅ ገዢዎች አንድ ሲሆኑ ዋጋ የሚጠራው ማን ይሆናል? ሰሊጥ ያመረተ ገበሬ መልሱን ያውቀዋል፤ በገበያው ያለው ነጋዴ አንድ ብቻ ሲሆን ሚዛኑም ዋጋውም የእሱ ነው።

3. ኔትወርኩና ባንኩ

እንበልና የገለጉ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አስር ሳንቲምም ቢሆን ይምጣ» አለ። ቀጥሎ የሚገጥመው ሁለተኛው በር ነው።

ድረ ገጾቹ ቢያንስ 4 ሜጋፒክሰል የሆነ ፎቶ ይፈልጋሉ፤ በዋትስአፕ የተጨመቀ አይቀበሉም። ሺህ ፎቶ ለመጫን ጥሩ ኔትወርክ ያስፈልጋል። አማራ ክልል ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት ነበር። ያ ጊዜ ጦርነት ብቻ አልነበረም፤ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሱቁ የታሸገበት ጊዜ ነው። አንድ ነጋዴ ሱቁ ቢታሸግበት ቢያንስ የሚያመለክትበት መሥሪያ ቤት ያውቃል። ኢንተርኔት የተዘጋበት ልጅ ለማን ያመልክት? ደግሞስ በሩቅ የሚሠራ ገዢ «አገሬ ኔትወርክ አጥፍታብኝ ነው» የሚል ማብራሪያ አይሰማም። ሌላ ፎቶ ያወርዳል።

ከዚያ ክፍያው አለ። ትላልቆቹ ድረ ገጾች በአብዛኛው የሚከፍሉት እንደ ፔይፓልና ፔዮኒር ባሉ መንገዶች ነው። ከእነሱ መካከል በቀጥታ ወደ ቴሌብር የሚልክ የለም። ስለዚህ ልጁ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ አካውንት ይለምናል፤ ወይ አካውንት ለሚያከራይ ደላላ ድርሻ ይከፍላል። ደላላው ቢክደው የሚከሰስበት ውል የለውም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በስሙ አልመጣም። አስር ሳንቲሙ ገለጉ እስኪደርስ ድርጅቱ፣ ግብሩ፣ ደላላውና ምንዛሪው እየቆነጠሩለት ነው።

መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ» እያለ ስንት ጊዜ ስብሰባ ጠራ! የዲጂታል ኢኮኖሚ ፈተናው የስብሰባ አዳራሹ ስክሪን አይደለም። ፈተናው አንድ የቋራ ወጣት ያገኘውን 25 ዶላር በራሱ ስም፣ በአቅራቢያው ባለ ባንክ፣ ያለ ደላላ መቀበል መቻሉ ነው። ይህ እስካልሆነ ድረስ የተቀረው ባነር ነው።

4. የሰው ፊት ዕቃ አይደለም

ከበሮቹ ውጭ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ስለ ፎቶ ሽያጭ የሚከራከር ሁሉ ስለ አንሺው እንጂ ስለ ተነሺው አያወራም። ሳሉጉ ማሳ ውስጥ ሲያጭድ፣ የጉሙዝ እናት ውኃ ስትቀዳ፣ ስደተኛዋ ኩመር ላይ ልጇን አቅፋ ስትቀመጥ የተነሳው ፎቶ የማን ነው?

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መልስ ሰጥቷል። አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ራሱ ፈቃድ በአደባባይ ሊለጠፍ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ለዜና፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ ለሳይንስና በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር በር ይከፍታል። አንቀጽ 29 ደግሞ ያለ ፈቃዱ ፎቶው የተሸጠበት ሰው ሽያጩን ማስቆም እንደሚችል፣ ዳኛውም ሻጩ ባገኘው ጥቅም ልክ ካሳ ሊያስከፍል እንደሚችል ይናገራል። ፈረንጆቹ ድረ ገጾች ለማስታወቂያ የሚውል ፎቶ ላይ የተነሺውን የፈቃድ ፊርማ የሚጠይቁት ዛሬ ነው። የእኛ ሕግ ይህን ያለው ካሜራ የብርቅ ዕቃ በነበረበት ዘመን ነው።

ሕጉ አለ፤ የሚያስታውሰው የለም። ድረ ገጾቹም ቀዳዳ አላቸው። «ለዜና አገልግሎት ብቻ» የሚል ምልክት የተደረገበት ፎቶ ፈቃድ አይጠየቅበትም። በዚህ ቀዳዳ የስደተኛ ልጅ ፊት ለዓመታት ይሸጣል። ልጁ ያድጋል፤ ፊቱ ግን በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው እንባ ገበያ ላይ ይቀራል። ዜናው አንድ ሳምንት ነው፤ ሽያጩ ዕድሜ ልክ ነው።

ደቡብ ኦሞ ያሉት ሙርሲዎች በዚህ ረገድ ከሁላችንም ቀድመዋል። ቱሪስት ካሜራ ሲያነሳ ዋጋ ይጠራሉ። «ባህላቸው በገንዘብ ተበላሸ» ብሎ የሚያለቅስላቸው አይጠፋም። የሚያለቅሰው ሰው ግን ያነሳውን ፎቶ ድረ ገጽ ላይ ሲጭነው አያፍርም። ሙርሲው ቢያንስ ፊቱ ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ይህን ማወቅ ብልሽት ከሆነ መላው የፎቶ ኢንዱስትሪ የቆመው በብልሽት ላይ ነው።

ስለዚህ የገለጉ ልጅ ገበያ ሲገባ የውጭውን ስህተት እየደገመ መግባት የለበትም። ጎረቤቱን የሚያነሳ ሰው ከሁሉም ይልቅ ፈቃድ መጠየቅ ይቀለዋል፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ቤቱን ያውቃል፣ ነገ ገበያ ላይ ዓይን ለዓይን ይገናኛል። ፈረንጁ ሊኖረው የማይችለው ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ይህንን ጥሎ የሰው ችግር መቸርቸር ከጀመረ ግን ልዩነቱ የቆዳ ቀለም ብቻ ይሆናል።

5. ሦስተኛው በር፦ በነጻ የለመደ ገዢ

አሁን ወደ አሳፋሪው በር።

በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለውን ባነር እንመልከት። የበዓል መልካም ምኞት፣ የኢንቨስትመንት ጥሪ፣ የሰሊጥ ምርት፣ የቱሪዝም ሳምንት። ፎቶዎቹ ከየት መጡ? ብዙውን ጊዜ ባነሩን ያዘጋጀው ማተሚያ ቤት ጎግል ላይ ፈልጎ አውርዶአቸዋል፤ ወይም ከአንድ ወጣት የፌስቡክ ገጽ ተወስደው፣ ከታች በኩል ያለው ስሙ ተቆርጦ ቀርቧል። ደረሰኙ ላይ ፍሌክስ በካሬ ሜትር ተጽፏል። ዲዛይን ተጽፏል። መስቀያው ብረት ተጽፏል። ፎቶ የሚል መስመር የለም። ብረቱ ዋጋ አለው፤ ብረቱ የተሸከመው ነገር ዋጋ የለውም።

ባንኮች በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ያሳትማሉ። ሰሊጥ ላኪዎች የውጭ ገዢ የሚያማልል ብሮሸር ያሠራሉ። የእርዳታ ድርጅቶች በየሩብ ዓመቱ በፎቶ ያሸበረቀ ሪፖርት ይልካሉ። የቱሪዝም ቢሮዎች ስለ አልጣሽ ይለጥፋሉ። ይህ ሁሉ ገበያ ነው፤ እዚሁ፣ በብር፣ ያለ ፔይፓል፣ ያለ 30 በመቶ የአሜሪካ ግብር። የገለጉ ልጅ ኒውዮርክ ላይ የሚፈልገው ገዢ ገንዳ ውሃ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር ተቀምጧል። ገዢው ግን መክፈልን አያውቅም፤ ወስዶ ለምዷል።

ሕግ ቢባል አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ይጠብቃል። ጥበቃው ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። አዋጁ አንድ ቅድመ ሁኔታም አስቀምጧል፤ ፎቶው የስብስብ አካል መሆን ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ አለዚያ የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። እንግዲህ አንድ ባለሙያ ከፎቶው ግርጌ ስሙን ሲቆርጥ እየቆረጠ ያለው ጌጥ አይደለም፤ ልጁ መብቱን የሚያስረዳበትን ማስረጃ ነው። ይህን የሚያደርገው ሌባ ተብሎ አያውቅም፤ «ዲዛይነር» ይባላል።

የሚያስቀው ደግሞ እነዚሁ መሥሪያ ቤቶች በሌላ ስብሰባ ላይ ለወጣቱ ስለ ሥራ ፈጠራ ማስተማራቸው ነው። ጠዋት የወጣቱን ፎቶ ያለ ክፍያ ይሰቅላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወጣቱን ሰብስበው «ሥራ ጠባቂ አትሁን» ይሉታል። ወጣቱ ሥራ አልጠበቀም። ሠርቷል። ሥራው ከጭንቅላታቸው በላይ ተሰቅሏል። የጠበቀው ክፍያ ነው።

6. «ግን እኮ…» ለሚሉ

የመጀመሪያው መከራከሪያ «አካባቢውን ማስተዋወቅ የዜግነት ግዴታ ነው፤ ፎቶ በነጻ ቢወሰድ ምን አለበት» ይላል። ማስተዋወቅ ግዴታ ከሆነ የማተሚያ ቤቱ ባለቤትም ቀለሙን በነጻ ይስጥ። የአዳራሹ ባለቤት ኪራይ አይቀበል። ተናጋሪውም አበል ይተው። ከሁሉም መካከል ግዴታው የሚያስታውሰው የፎቶ አንሺውን ብቻ ከሆነ ግዴታ ሳይሆን ጉልበት ነው።

ሁለተኛው «በጀት የለም» ይላል። ለፍሌክስ ኖሯል። የአንድ ባነር ዋጋ ሩቡ ለፎቶ ቢከፈል አንድ ወጣት ከሹተርስቶክ በብዙ ወራት የማያገኘውን በአንድ ቀን ያገኝ ነበር።

ሦስተኛው ከወጣቶቹ ከራሳቸው የሚመጣ ነው፦ «ተስፋ አታስቆርጡን፤ በዚህ ገበያ የከበሩ አሉ።» አሉ። ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ አየነ ለአሶሼትድ ፕሬስ ያነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ፎቶ ተከታታይ በ2012 ዓ.ም. በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር በዘርፉ አንደኛ ወጥቷል። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ አፍሪካውያን አንሺዎች በራሳቸው ዓይን የሚታዩበትን መድረክ ከፍታለች። ነገር ግን ሁለቱም የቆሙት በስቶክ ድረ ገጽ አስር ሳንቲም ላይ አይደለም። አንደኛው ደመወዝና ተቋም ከኋላው አለው። ሁለተኛዋ ራሷ ተቋም ሠርታለች። ከእነሱ የሚወሰደው ትምህርት «ፎቶ ጫን» አይደለም፤ «ተቋም ይኑርህ» ነው። ተስፋ የሚያስቆርጠው እውነቱን የሚናገረው አይደለም። በባዶ ኪስ ኮርስ የሚሸጠው ነው።

አራተኛው ስጋት ከበድ ያለ ነው፦ «በዚህ ዘመን በዚያ ድንበር ካሜራ ይዞ መንቀሳቀስ ራሱ አደጋ ነው።» እውነት ነው። ኬላ ላይ ካሜራ የያዘ ወጣት ከጥርጣሬ አያመልጥም። ለዚህ ነው የአካባቢ አንሺዎች ማኅበር፣ መታወቂያና ከወረዳው ጋር ግልጽ መግባቢያ የሚያስፈልገው። ባለ መታወቂያው የውጭ ጋዜጠኛ ኬላውን አልፎ የአገሩ ልጅ ኬላ ላይ ከቆመ የቋራን ታሪክ ማን እንደሚነግረው ከወዲሁ ተወስኗል።

7. ምን ይደረግ?

ነገሩ ትልቅ ፖሊሲ አይጠብቅም። የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤቶች በባነር፣ በብሮሸርና በቀን መቁጠሪያ ግዢ ሰነዳቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ የፎቶ ክፍያና የአንሺው ስም። ስም የሌለው ፎቶ አይረከቡ። ይህ ብቻ ገበያውን በአንድ ዓመት ይለውጠዋል፤ ማተሚያ ቤቱ አንሺውን ፈልጎ ለማግኘት ይገደዳልና።

የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮና የአልጣሽ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ከአካባቢው አንሺዎች ሥራ በክፍያ እየገዙ ክምችት ይሥሩ። ዓለም ስለ አንበሳው ሲጠይቅ ፎቶው ከገለጉ ይላክለት። በሰሊጥ የሚነግዱ ላኪዎችም ሌላ አገር የተነሳ ማሳ ለገዢያቸው ከሚያሳዩ የገዛ ማሳቸውን ከዘር እስከ ጭነት የሚያነሳ ሰው ይቅጠሩ። ገዢው የሚፈልገው የምርቱን መነሻ ማየት ነውና ይህ ለንግዱም ይበጃል።

ብሔራዊ ባንክና ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ ቀላሉን ይሥሩ፦ ትንሽ የውጭ ገቢ በራስ ስም፣ ያለ ደላላ፣ በስልክ የሚደርስበት መንገድ። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አዋጁን በአዳራሽ ከማስተዋወቅ አልፎ አንድ የፎቶ ስርቆት ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት ይከታተል። አንድ ፍርድ ከሃያ ዎርክሾፕ ያስተምራል።

ወጣቱስ? በመጀመሪያ ለኮርስ የሚያወጣውን ገንዘብ ለሃርድ ዲስክ ያውጣው። ስሙንና ስልኩን በፎቶው ላይም በፋይሉ መረጃ ውስጥም ይጻፍ። ትልቁን ፋይል ለማንም አይስጥ፤ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈው ትንሹን ይሁን። የሚያነሳውን ሰው ፈቃድ በሚገባው ቋንቋ ይጠይቅ፤ በጽሑፍ ይያዘው። የተበታተነ ቆንጆ ፎቶ ሳይሆን አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ያንሳ፦ ዕጣኑን ከልጣጭ እስከ ጆንያ፣ ሳሉጉን ከደጋው አውቶቡስ እስከ ማሳው መጠለያ። የጀንበር መግቢያ ፎቶ በዓለም ገበያ ላይ በሚሊዮን አለ፤ ማሽንም ይሠራዋል። የቋራን ዕጣን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነሳ ግን ተወዳዳሪ የለውም፤ ዋጋውንም እሱ ይጠራዋል። ስቶክ ድረ ገጹ ላይ መጫን ከፈለገም ይጫን፤ ግን እንደ ሎተሪ ይቁጠረው እንጂ እንደ ደመወዝ አይጠብቀው።

የቋራ ሰው አንበሳውን ለማመን የማንንም ካሜራ አልጠበቀም። አሁን የቀረው ለልጁ ፎቶ የሚከፍል የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ማግኘት ነው። የሚቀጥለው በዓል ባነር ሳይሰቀል የትኛው ቢሮ «ይህን ፎቶ ማን አነሳው? ተከፍሎታል?» ብሎ ይጠይቃል?